ሳልወጣው የቆጠርኩት ኮረብታ

እኔ ዛፍ አልተክልም። ይህን ስል "ወይ ጉድ! ይኼ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን እንጀራ የበላው በዛፍ አይደለም እንዴ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በሉኝ፤ እውነት ነው። የተማርኩት የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ነው። ችግኝ አፍልቻለሁ፣ አስፈልቻለሁ፣ ስለ ችግኝ ተናግሬም ስንቱን አዳራሽ ሙሉ ሰው አስተኝቻለሁ። በዘመቻ ቀን ግን ያቺን አካፋ አስይዘው፣ ባርኔጣ ደፍተውልኝ ጉድጓድ አጠገብ ሊያቆሙኝ ሲሉ ወገቤን ያመኛል። ወገቤ ደህና ነው። የሚያመኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ነው የማወጋችሁ።

ነገሩ የጀመረው አምቦ ነው፤ በኮሌጃችን የማስታወቂያ ሰሌዳ። ጊዜው የደርግ ነው። ከትልቁ ድርቅ ወዲህ አገሩ በሙሉ እርከንና ችግኝ፣ እርከንና ችግኝ የሚልበት ወቅት ስለነበር እኛ የተፈጥሮ ሀብት ተማሪዎች ትንሽ ኮራ ብለን ነበር የምንራመደው። ያ ሰሌዳ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ወረቀት ብቻ ነው፤ የስብሰባ ጥሪና ከስብሰባ የቀሩ ሰዎች ስም ዝርዝር። አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ሌላ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ለተፈጥሮ ሀብት ተማሪዎች የውጭ አገር የትምህርት ዕድል መጥቷል። አምስት ዓመት የደን ሳይንስ፣ በወዳጅ ሶሻሊስት አገር። ቦታው አንድ ነው። የሚሄደውም በመስክ ሥራ ሪፖርቱ አንደኛ የወጣው ነው።

አንድ! እኛ ከሠላሳ በላይ ነበርን።

አሁን ለሚሰማኝ ሰው ይኼ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ያኔ ግን የእኔን ዕድሜ የሚያህሉ የሰፈሬ ልጆች በካሚዮን ተጭነው ወደ ሰሜን ሄደዋል። ሁለቱ አብረውኝ ኳስ የተጫወቱ ናቸው፤ የአንዱ እናት መርዶ ሲነገራት እኔ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር እያቀበልኩ ነበር። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ያየሁት የደን ሳይንስ አይደለም። መትረፍን ነው ያየሁት። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ለሠራሁት ነገር ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ሰበብ እንዲሆነኝም ነው።

በዚያች ሳምንት ኮሌጁ አበደ። ትናንት ጫማው አፈር ነካው ብሎ የሚሳደብ ልጅ ጭብጥ አፈር ይዞ እያሸተተ በመምህራን ቢሮ በር ይመላለስ ጀመር። አንዱ የሚያልፍ ላም ሁሉ እያስቆመ ስለ ልቅ ግጦሽ ይመክራል። እኔስ? እኔማ ከሁሉም በለጥኩ፤ ካፖርት ገዛሁ።

አዎ፣ ካፖርት። የሚኬድበት አገር በረዶ ነው ሲባል ሰማሁና፣ ገና መስክ ሳንወጣ፣ ገና ሪፖርቱ ሳይጻፍ፣ ከአምቦ ገበያ አንድ ግራጫ የሰልባጅ ካፖርት ገዛሁ። የቀድሞው ባለቤት ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ፤ ብቻ ሁለት ሰው የሚያህል ፍጡር መሆን አለበት። እጅጌው እስከ ጣቴ፣ ጫፉ እስከ ቁርጭምጭሚቴ። ከሱ ጋር የሚሄድ ባለ ለስላሳ ሶል የቆዳ ጫማ ጨመርኩበት። ታዲያ በዚያ በኅዳር ፀሐይ "ለመልመድ" እያልኩ ለብሼው እውላለሁ። ላቤ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ልጆቹ "ጓድ ካፖርት" ብለው ይጠሩኛል። ሳቁ፣ ሳቁ እላለሁ በሆዴ፣ ከበረዶ አገር ፖስት ካርድ ስልክላችሁ እንተያያለን።

የአፈር ትምህርት የሚያስተምሩን መምህር ግርማ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ኮረብታ አከፋፈሉን። መምህር ግርማ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ጥሩነታቸው ግን ሰው ሲቆጣ ድምጹ ይጠፋል። ለእኔ የደረሰኝ ከእጃጂ ከተማ ጀርባ ያለ ኮረብታ ነው። ባለፈው ክረምት የአካባቢው ገበሬ በምግብ ለሥራ፣ ማለትም ስንዴና ዘይት እየተሰፈረለት፣ ከእግርጌው እስከ ራስጌው ባሕር ዛፍ ተክሎበታል። የእኔ ሥራ ስንቱ እንደ ጸደቀ ቆጥሬ መምጣት ነው። መምህር ግርማ አጥብቀው ነገሩኝ፦

"ሦስት ቦታ ናሙና ውሰድ። እግርጌው፣ ወገቡ፣ ራስጌው። ሰማህ? ራስጌው ድረስ ውጣ።"

"እንዴታ መምህር!"

ከአምቦ አውቶቡስ ይዤ በጉደር፣ በጌዶ አድርጌ እጃጂ ወረድኩ። የገበሬ ማኅበሩ እንዲያሳድሩኝ ያዘዛቸው ሰው ኦቦ ዲንሳ ይባላሉ፤ ኮረብታው ሥር የሚኖሩ፣ ስድሳ የተጠጉ፣ ግዙፍ፣ ዝምታ የሚወዱ ገበሬ። ኮረብታው የመንደሩ ከብት ሁሉ የሚግጥበት ነበር፤ ለችግኝ ሲከለል ማንም አልጠየቃቸውም። እንዲህም ሆኖ ካፖርቴን ከላይ እስከ ታች አዩና ቦርሳዬን ተቀበሉኝ።

"አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ? ደህና ነህ ልጄ? ብርድ ብርድ ይልሃል እንዴ?"

"አይ፣ ለመልመድ ነው።"

"ምኑን?"

"ብርዱን።"

ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ፤ እኔንም አዩ። የተማረ ሰው ነገር አይጠየቅም ብለው መሰለኝ ተውኝ። ባለቤታቸው እማማ ጫልቱ ገንፎ አቀረቡልኝ፤ መሃሉ ላይ ያለው ቅቤ ፊቴን የሚያሳይ። ሦስት ጊዜ ጨመሩልኝ፤ ሦስት ጊዜ በላሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከኦቦ ዲንሳ ጋር ወጣን። ወጣን ስል እሳቸው ወጡ፤ እኔ ተንሸራተትኩ። ያ የበረዶ አገር ጫማ በጤዛ ሣር ላይ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ ይለኝ ጀመር። ካፖርቱ እሾህ ባገኘ ቁጥር ይጨባበጣል። የበላሁት ገንፎም በበኩሉ ልውረድ ልውጣ ይላል። ከቤታቸው ኋላ ኮረብታው ገና ቀና ማለት ሲጀምር በእሾህ የታጠረች ቁራጭ መሬት አለች፤ ሃያ አምስት ችግኝ ተተክሎባታል። እዚያ ደርሼ ቁጭ አልኩ። ቆጠርኳቸው። ሃያ አራቱ ለምልመዋል፤ አንዷን የኦቦ ዲንሳ ጥጃ ረግጣታለች።

"በቃ፣ ከመቶ ዘጠና ስድስት!" አልኩ ደብተሬን እያወጣሁ።

ኦቦ ዲንሳ ፊቴ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እነዚህን ጫልቱ በዕቃ አጠባ ውሃ ነው ያሳደገቻቸው። እኔም ስተክል የፈሉበትን ላስቲክ አውልቄላቸዋለሁ። ላይ ያለው ግን..."

"ላይ ያለውን አይቼዋለሁ፣ ኦቦ ዲንሳ።"

"መቼ?"

"አሁን።" ቀና ብዬ አየሁት። ኮረብታው ቡኒ ነበር። የደረቀ ሣር ነው አልኩ ለራሴ። እግሬ ካልፈለገ ዓይኔን ምን አባቱ ያስገድደዋል?

"ላዩን ሄደን እንየው እንጂ። እኔ ቦርሳህን እይዝልሃለሁ፤ ከፈለግክ ያንን ልብስም እይዝልሃለሁ።"

"ሳይንሱ አያስፈልግም ይላል። ናሙና ማለት እንዲህ ነው፤ ከድስቱ አንድ ጭልፋ ከቀመሱ ይበቃል።"

ምን ቅብጥ አድርጎኝ ነው እንዲህ ያልኩት? ድስቱን ያማሰለው ሰው አጠገቤ ቆሞ ይነግረኛል እኮ! ኦቦ ዲንሳ ግን "ሳይንስ" የሚለውን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቤታቸው ወረዱ። ከሰዓት በኋላ በእጃጂ ሻይ ቤት ተቀምጬ የቀሩትን ሁለት ቦታዎች "ቆጠርኩ።" ሦስቱም እኩል ከሆኑ ያስጠረጥራል ብዬ ለወገቡ ዘጠና አምስት፣ ለራስጌው ዘጠና ሰባት ሰጠሁት። ለራስጌው የጨመርኩለት ንፋስ ስለሚያገኝ ነው።

ሪፖርቱን በቀይና በሰማያዊ ቀለም ጻፍኩት። የኮረብታውን ሥዕል ሳልኩ፤ ዛፎቹን አረንጓዴ ቀባኋቸው፤ አረንጓዴው እርሳሴ ሊያልቅ ደረሰ። መምህር ግርማ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት። "ራስጌው ድረስ መውጣት ማለት እንዲህ ነው!" አሉ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አመሰገንኩ። ፈርመውበት ወደ አውራጃው ላኩት። አውራጃው "ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ" ብሎ ወደ ክፍለ ሀገር ላከው። ከክፍለ ሀገር በላይ ሲደርስ "ከሞላ ጎደል" የሚለው ወድቆ ቀርቷል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚወፍር ነገር ያየሁት ያንን ሪፖርት ብቻ ነው።

በየካቲት መምህር ግርማ ጠሩኝ። ፊታቸው በርቷል።

"እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ያንተን ደን ሊያዩ። የአውራጃው ጓድ ታምራት ራሳቸው ይመሩታል፤ አስረጂው አንተ ነህ። ዕድሉንም እዚያው እንግዶቹ ፊት ያበስሩልሃል።"

ክው አልኩ። "መምህር፣ ክረምት እስኪገባ ቢጠብቁስ? አሁን... አሁን እንኳ ዛፎቹ እረፍት ላይ ናቸው።"

"ባሕር ዛፍ ያርፋል እንዴ?"

"የእጃጂው ያርፋል።"

ሦስት መኪና ሆነን ሄድን። እኔ መጨረሻው ላይ፣ ካፖርቴን ለብሼ። ጉደር ስንደርስ ድልድዩ በተናደ አልኩ፤ ድልድዩ ደህና ነው። ከጉደር እስከ ጌዶ ጎማ እንዲፈነዳ ተሳልኩ። ጌዶ መግቢያ ላይ ፈነዳ! አቤት ደስታዬ! በአገራችን አንድ ጎማ ሲቀየር ሻይ ይጠጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ሹፌር ይፈለጋል። ያን ዕለት ግን ሦስት ሹፌሮች ተረባርበው ሻይ በሚፈላበት ጊዜ ውስጥ ቀየሩት። ጓድ ታምራት ሰዓታቸውን እያዩ "ይህ ነው አብዮታዊ ፍጥነት!" አሏቸው። እኔ ብቻ ነኝ ያላጨበጨብኩት።

ከኮረብታው ፊት ወረድን። አንዱ እንግዳ ካሜራውን አወጣ፤ ዞር ዞር አለና በትሕትና ጠየቀ፦

"ደኑ ከኮረብታው ጀርባ ነው?"

ኮረብታው እንደ ራሰ በራ ሰው አናት ያብረቀርቃል። ከእግርጌው፣ ከኦቦ ዲንሳ ቤት ኋላ፣ ያቺ ቁራጭ ብቻ ለምልማለች። ጓድ ታምራት ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጡ ድምጻቸው የሚቀንስ ሰው ናቸው። ወደ እኔ ዞሩ። በዚህ መሃል ኦቦ ዲንሳ አንድ ቅል እርጎ ይዘው፣ እየሳቁ ከቤታቸው ወጡ።

"ኢልማ ኮ! መጣህ? ጫልቱ መኪና ስታይ እሱ ነው አለች!"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አቀፉኝ። እርጎው ካፖርቴ ላይ ትንሽ ፈሰሰ፤ በእጃቸው ጠረጉልኝ።

"ይህ ለምን ለመለመ?" አሉ ጓድ ታምራት ቁራጯን እያመለከቱ።

"ጫልቱ ታጠጣዋለች፣ ጌታዬ።"

"ጌታ የለም። ያኛውስ ለምን ደረቀ?"

"ያማ የቆየ ነው። ከነላስቲኩ ነው የተተከለው። ቶሎ ቶሎ በሉ፣ እንግዳ ይመጣል ተባልን፤ ላስቲኩን አውልቁ ያለንም የለም። ከመስቀል በፊት አልቋል።"

ጓድ ታምራት ሪፖርቴን ከቦርሳቸው አወጡ። ያ አረንጓዴ ሥዕል በፀሐይ ሲታይ እንዴት ያምራል! "በኅዳር ከመቶ ዘጠና ስድስቱ በሕይወት አለ ይላል። ከመስቀል በፊት የሞተ በኅዳር እንዴት ይኖራል? ወይ ይህ ወረቀት ዋሽቷል፣ ወይ አንድ ሰው ከኅዳር ወዲህ ከብት ለቆበታል። የማን ናቸው እነዚያ ከቤቱ አጠገብ የሚግጡት በሬዎች?"

"የእኔ ናቸው" አሉ ኦቦ ዲንሳ። ከዚያ ፊታቸው በራ፤ መፍትሔው ትዝ አላቸው። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። "ይኼ ልጅ ያውቃል። የተማረ ነው፤ አይዋሽም። እሱ ቆጥሯል፤ እሱን ጠይቁት።"

ሁሉም እኔን አዩኝ። መምህር ግርማ መሬት መሬቱን ያያሉ። ሰሌዳው ታየኝ፤ ካሚዮኑ ታየኝ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያቀበልኩት ወንበር ታየኝ።

"ስቆጥር... ነበሩ" አልኩ።

ይኸው ነው። ሁለት ቃል ናት። ስንቱን ወግ ሳወጋ የምለፈልፈው ሰውዬ፣ ሰው ለማሳሰር የፈጀብኝ ሁለት ቃል ነው።

ኦቦ ዲንሳ ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም። እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱና ቀና ብለው ኮረብታውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ያልተማሩ ናቸውና ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እሆን ብለው ነው ያዩት። አፈር ልብላ! ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

"አሻጥር" ተባለ። የኋሊት ያሰሯቸው በገዛ በሬያቸው ገመድ ነው። እማማ ጫልቱ በራፉ ላይ ቆመው በኦሮምኛ ይጮሃሉ፤ እኔ ኦሮምኛ አልችልም፤ ግን ሁሉም ቃል ገብቶኛል። መኪና ውስጥ ቦታ ስላልነበረ ከእኔ ጎን አስቀመጧቸው። ካፖርቴ ወፍራም ስለሆነ ተጣበን። እስከ አምቦ ድረስ የተነጋገርነው ይህን ብቻ ነው፤

"ራስጌውም ላይ ነበሩ?"

"ነበሩ፣ ኦቦ ዲንሳ።"

"እንግዲያ ዓይኔ ደክሟል ማለት ነው።" ትንሽ ቆይተው ደግሞ፦ "ላብህ ይወርዳል። አውልቀው እንጂ።"

በሳምንቱ ስሜ ሰሌዳው ላይ ወጣ። አንደኛ! "ንቃት በተሞላበት ሁኔታ አሻጥር በማጋለጡም ጭምር" የሚል ተጨምሮበታል። ጓደኞቼ ተሸክመው አዞሩኝ። "ጓድ ካፖርት ሊሄድ ነው!" ይላሉ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ምግብ እምቢ አለኝ። ያ የእማማ ጫልቱ ገንፎ ከሆዴ ገና አልወጣም መሰለኝ።

ልናገር ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ መምህር ግርማ ጋ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። በሩን ዘጉ፤ መስኮቱንም ዘጉ። "ዝም በል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ልጆች አሉኝ" አሉኝ። ከዚያ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ነጠላ ጫማውን እያወዛወዘ ሰማኝ።

"የተሳሳተ ሪፖርት ማረሚያ ቅጽ የለንም" አለኝ። "ተጨማሪ መልካም ውጤት ማሳወቂያ ቅጽ ግን አለ። እሱን ልስጥህ?"

"መልካም አይደለም እኮ የምልህ!"

"እንግዲያ በቃል ተመካከሩ።"

በመጨረሻ ዳቦ ይዤ ኦቦ ዲንሳ የታሰሩበት ሄድኩ። ለሳቸው ልንገራቸው፣ እግራቸው ላይ ልውደቅ ብዬ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ፊታቸው ያለቀ ሳሙና መስሏል። የሚተኙት ሲሚንቶ ላይ ነው። ገና ሳያዩኝ ጀምሮ ፈገግ አሉ።

"ከዘመድ ማንም አልመጣ፤ መንገዱ ሩቅ ነው። አንተ መጣህ። ጋሪ፣ ጋሪ፤ ጥሩ ልጅ ነህ። ውጭ አገር ተምረህ ስትመጣ ትልቅ ሰው ትሆናለህ፤ ያኔ ስለ እኔ ትነግርልኛለህ። እነሱ አንተን ይሰማሉ።"

አምስት ዓመት ሊጠብቁኝ ነው እንግዲህ! ካፖርቴን አውልቄ አለበስኳቸው። ልካቸው ነው። ያ ሁለት ሰው የሚያህል ነው ያልኳችሁ ካፖርት ለኦቦ ዲንሳ የተሰፋ ይመስል ልክክ አለ። ምንም ሳልናዘዝ ወጣሁና በቀጥታ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ።

ኮረብታውን በባዶ እግሬ ወጣሁት። ወገቡ ደረስኩ፤ ራስጌውም ደረስኩ። ብዙም ከፍ ያለ አይደለም፤ ይህን ስታውቁ ነው የምታለቅሱት። ጎንበስ ብዬ አንዱን የደረቀ ችግኝ ስይዘው ምንም ሳይታገለኝ ከነላስቲኩ ወጣ። ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ዞሮ፣ ዞሮ፣ ዞሮ፣ መውጫ አጥቶ ተጠቅልሏል። ሌላውንም ነቀልኩ፤ ያው ነው። ጆንያ ሞላሁ። እማማ ጫልቱ ከታች ሆነው ያዩኛል። ውሃ እንኳ አልሰጡኝም፤ ደግ አደረጉ።

ጆንያውን ተሸክሜ ጓድ ታምራት ቢሮ ገባሁ። ምንጣፋቸው ላይ ዘረገፍኩት።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ደኑ ነው።"

አንዱን አነሱ። ላስቲኩን አዩ፤ ሥሩን አዩ። የከብት ጥርስ እንዳልነካው ማየት ሳይንስ አይጠይቅም። በዝግታ መልሰው አስቀመጡት። "አልቆጠርክም ማለት ነው" አሉ፤ ድምጻቸው ከሹክሹክታ አይበልጥም።

"አልቆጠርኩም። ኮረብታውን ትናንትና ነው ያየሁት። ሰውዬው ይፈቱ፤ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።"

አደረጉኝም። ስሜ በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘ፤ ሁለተኛ የወጣው ልጅ ሄደ። ሙሉ ቀን ሂስ ተደረገብኝ፤ በጀርባዬ ይስቁ የነበሩት ሁሉ በፊቴ ተቆጡ። ዓመቱን ድገም፣ በመስከረምም ያንን ኮረብታ እንደገና ቆጥረህ አምጣ ተባልኩ። ኦቦ ዲንሳ ግን አልተፈቱም! ለምን? መታሰራቸውን የሚገልጽ ወረቀት የለም። ማንም አልጻፈውም። ወረቀት የሌለውን ሰው ማን ፈርሞ ይፍታ? ከዚህ ቢሮ እዚያ ቢሮ ስል ሰኔ ገባ፤ ሐምሌ አለፈ። ሲወጡ ነሐሴ ተጋምሷል። የሚያርስ ጠፍቶ መሬታቸው ጦሙን አደረ፤ አንዱ በሬም ተሸጦ ተበልቷል።

መስከረም ላይ ደብተሬን ይዤ እጃጂ ወረድኩ። በዚህኛው ጊዜ ከራስጌው ጀመርኩ። ዜሮ። ወገቡ፣ ዜሮ። ለእግርጌው ብዙም አልተጨነቅኩም፤ እነዚያ ሃያ አራቱ አሉ፣ ክረምቱን ሲጠጡ ከርመው ከቁመቴ አልፈው ይሆናል፣ አንዲት ደህና ቁጥር እጽፋለሁ ብዬ ስወርድ የመጥረቢያ ድምጽ ሰማሁ።

ኦቦ ዲንሳ ናቸው። ካፖርቴን ለብሰዋል። ያቺ ቁራጭ መሬት በወደቀ ባሕር ዛፍ ተሞልታለች፤ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። አንዲት ብቻ ቆማለች።

"ኦቦ ዲንሳ" አልኩ። ስሜን አልጠሩም፤ ኢልማ ኮም አላሉኝም። ሁሉን ሰምተዋል። "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። እጃቸው ላይ እንትፍ ብለው መጥረቢያውን አጥብቀው ያዙ።

"እነዚህን እንኳ ለምን? አጣና ይሆኑ ነበር፤ ቤት ይሠሩ ነበር። እማማ ጫልቱ ያን ሁሉ ውሃ..."

"ሌላ ተማሪ መጥቶ እንዳይቆጥራቸው ነው" አሉኝ።

ከዚያ በአገጫቸው ዛፏን አመለከቱኝ። "ወደ ቤቱ እንዳትወድቅ ያዛት።"

ያዝኩላቸው። በአራት ምት ወደቀች። ደብተሬን አውጥቼ፣ እጄ ቅጠል ቅጠል እየሸተተ፣ እግርጌ ከሚለው ፊት ዜሮ ጻፍኩ።